አሮጌው ዩኒቨርሲቲና የሱሉልታ ወተት

ሰኞ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

ጠዋት ከገበሬዎች 412 ሊትር ወተት ገባ። 18 ሊትር ተመለሰ፤ አሥራ ሁለቱ የጎመዘዘ፣ ስድስቱ ውሃ የገባበት። ወተቱን የጫነው ፒክአፓችን አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ወደ አዲስ አበባ ወጣ።

ይህን ደብተር የገዛሁት ለወተት ነበር። ከዛሬ ጀምሮ ሌላም እጽፍበታለሁ። ለሰው የማላወራው ጉዳይ ይዣለሁ።

ልጄ ሲድራ እንግሊዝ አገር ላለ ዩኒቨርሲቲ ማመልከቻ እየሞላች ነው። ስሙን እዚህ አልጽፍም። ያልተገዛች ላም ስም አይወጣላትም። ዕድሜው ግን ከስምንት መቶ ዓመት በላይ ነው አሉ። ሁለት ዓመት አዲስ አበባ፣ የውጭ ፈተና የሚያስፈትን ትምህርት ቤት በነጻ ተምራ በነሐሴ አንደኛ ወጥታለች። ዩኒቨርሲቲው ከተቀበላት ወጪውን የሚሸፍን ድርጅት አለ። ካልተቀበላት የለም። ነገሩ ይኸው ነው።

እስከዚያ ድረስ ጠዋት ጠዋት ከእኔ ጋር ወተት ትፈትሻለች። የመስታወቱን መለኪያ ወተቱ ውስጥ ጥላ፣ ጎንበስ ብላ፣ የቆመበትን መስመር ታነባለች። ከእኔ ትፈጥናለች። ይህን ለእሷ ነግሬያት አላውቅም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

396 ገባ። 9 ተመለሰ።

ማመልከቻው ዛሬ ይዘጋል። መብራት የለም። ኔትወርክ የለም። መምህር ኪዳነወልድ በባጃጅ መጣ፤ እዚሁ ሱሉልታ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያስተማራት እሱ ነው። በእንጦጦ በኩል ዳገቱን ይዟት ወጣ። እዚያ ስልክ ይሠራል። ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ተላከ። ባለቤቴ ሙሄዲን አዲስ አበባ ሆኖ በስልክ ሲሰማ "አልሐምዱሊላህ" ብሎ ጮኸ አሉኝ። እኔ የወተት ዕቃ አጠብኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

405 ገባ። 11 ተመለሰ።

ሲድራ ለዩኒቨርሲቲው የጽሑፍ ፈተና አዲስ አበባ ዋለች። ብቻዬን ፈተሽኩ። ሰልፉ እስከ አስፋልቱ ደረሰ። ገበሬዎቹ "ልጅቱ የታለች? ዛሬ እዚሁ ሊመሽብን ነው" ይላሉ።

ስትመለስ እንዴት ነበር አልኳት። "ጥያቄዎቹ ደስ ይሉ ነበር እማ" አለች። ፈተና ደስ አለኝ የሚል ሰው በሕይወቴ አላየሁም።

አርብ፣ ጥቅምት 14

420 ገባ። 6 ተመለሰ።

ሙሄዲን ጁምዓ ሄዷል። ሲድራ ልብስ ታጥባለች። ጊዜ አለኝና ረጋ ብዬ ልጻፍ።

ሳልፈትሽ ገዝቼ አላውቅም። ስለዚህ ሰሞኑን አንድ ጥያቄ ይዤ ሰው እየጠየቅሁ ነው፦ ያረጀ ዩኒቨርሲቲ ከሌላው በምን ይለያል?

መጀመሪያ የጠየቅኋት ሬሐናን ነው፤ የሙሄዲን እህት፣ ቡራዩ ጨርቅ የምትሸጠው።

"ዩኒቨርሲቲ ያው ዩኒቨርሲቲ ነው" አለችኝ። "እኛ ሰፈር ፎቁ ላይ ኮሌጅ ተከፍቷል። ታች ፋርማሲ፣ መሐል ካፌ፣ ላይ ኮሌጅ። ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ተሻግራ ምን ትሠራለች? እኔ ጋ ትደር።"

"ሊፍት አለው?"

"ሊገባለት ነው።"

"ስንተኛ ፎቅ ነው?"

"አሲያ፣ አሁን ይሄ ምን ያደርግልሻል?"

ሁለተኛው ሙሄዲን ነው። እሱ ሁሉንም ከስልኩ ያመጣል። ሞሮኮ ውስጥ፣ ፌዝ የሚባል ከተማ፣ ከእንግሊዞቹም የሚቀድም ዩኒቨርሲቲ አለ አለኝ። ያቆመችው ፋጢማ የምትባል ሴት ናት ይባላል፤ አባቷ ነጋዴ ነበር፤ የወረሰችውን አውጥታ አሠራችው።

"እና ምን እያልክ ነው?"

"ምንም። የነጋዴ ልጅ ናት ነው የምለው" ብሎ ሻዩን ፉት አለ።

መልስ የሚመስል ነገር ያገኘሁት ከመምህር ኪዳነወልድ ነው። እዚያ ትምህርቱ እንዲህ ነው አለኝ፦ አንድ መምህር፣ አንድ ወይም ሁለት ተማሪ፣ በሳምንት አንድ ሰዓት። ተማሪው የጻፈውን ይዞ ይገባል። መምህሩ ይነቅፈዋል። ተማሪው ይመልሳል። እንደገና ይነቅፈዋል።

"እኛ አራት ኪሎ ስንማር አንድ ክፍል ውስጥ መቶ ሃምሳ ነበርን" አለ። "ግን አንድ መምህር ነበሩን። ትክክል ስትመልስላቸው 'ማን ነገረህ?' ይላሉ። መጽሐፉ ካልክ 'መጽሐፉንስ ማን ነገረው?' ይላሉ። አራት ኪሎ አንጋፋ ነው ሲባል እኔ ትዝ የሚሉኝ እሳቸው ናቸው፤ ግንቡ አይደለም።"

ሙሄዲን ይህን ስነግረው ተቆጣ። "ይኼማ የኛ ነው! አያቴ ወሎ ደረሳ፣ የሃይማኖት ተማሪ ሳሉ፣ ሼኹ ፊት ተራ በተራ ተቀምጠው ነው ኪታብ የቀሩት፣ የተማሩት። አንድ በአንድ! እንግሊዝ ድረስ ምን አስኬደን?"

"ታዲያ ትቅር?"

"ማን ትቅር አለ?"

የራሴ ሐሳብ ደግሞ ይኸውና። ዕቃ ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። ቤት ሲያረጅ ግን አንዳንዱ ይወጣል። መርካቶ ውስጥ ደንበኛ አሥር ሱቅ አልፎ የሚገባበት ሱቅ አለ። ሌሎቹም ያንኑ ዕቃ ይሸጣሉ። ልዩነቱ ያ ባለ ሱቅ የማይረባ ዕቃ ሲመጣለት መመለሱ ነው። እኔም ሱሉልታ ውስጥ ስም ያወጣሁት በተቀበልኩት ወተት አይደለም፤ በመለስኩት ነው።

መምህሩን "ስንቱን ይመልሳሉ?" ብዬ ጠየቅሁት። ከስድስት አምስቱን፣ ከውጭ የሚመጣውን ደግሞ ከዚያም በላይ አለኝ። እንግዲያው ሥራቸውን ያውቃሉ።

ብትሄድ ሦስት ዓመት ነው። ሦስት ዓመት ብዙ አይደለም። ፒክአፑ እንኳ ከተገዛ ስድስት ዓመቱ ነው።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 6

388 ገባ። 47 ተመለሰ። ከዚህ ውስጥ አርባው የኦቦ ባይሳ ነው።

ኦቦ ባይሳ በጫንጮ መንገድ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አሥራ አንድ ዓመት ወተት አምጥተውልኛል። አንድ ቀን ተመልሶባቸው አያውቅም። ሌላው ገበሬ የእሳቸውን አይቶ ነው ወደኔ የመጣው።

ሲድራ መለኪያውን ጣለች። ልክ ቦታው ላይ ቆመ። እሷ ግን ጠብታ አንሥታ ጥፍሯ ላይ አደረገች። ደህና ወተት ጥፍር ላይ ይቆያል፤ ይህ ወዲያው ወረደ።

"አባባ፣ መለኪያው ልክ ነው ይላል። እኔ ግን ወተቱን አላመንኩትም።"

"መለኪያው ካመነ አንቺ ማን ነሽ?" አሏት። ሰልፉ ሳቀ።

"ቅባቱ ሲገፈፍ ወተት ይከብዳል። ውሃ ሲጨመርበት ይቀላል። ሁለቱም ከተደረገ መለኪያው የድሮ ቦታው ላይ ይቆማል፤ ምንም እንዳልተነካ።"

ሳቁ ቆመ። ኦቦ ባይሳ ዕቃቸውን አነሡ። "የልጅ ልጄ የምትሆን ሌባ አለችኝ" አሉ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኔ።

"አላልኩም አባባ! ወተቱን ነው ያልኩት።"

መንገዱን ተሻግረው ለወዲያኛው ሰብሳቢ ሰጡ። ያኛው መለኪያውን አይቶ ተቀበላቸው።

ሲድራን ከፒክአፑ ጀርባ ወሰድኳት። "ልክ ነሽ" አልኳት። "ግን ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይታረምም።"

"ታዲያ ልቀበላቸው?"

"ለብቻቸው ጠርተሽ ትነግሪያቸዋለሽ። ወይ ለኔ ትነግሪኛለሽ።"

"እማ፣ ሰልፉ እያየ? ነገ ሁሉም…"

"ሲድራ! ትልቅ ሰው ሲናገር እሺ ይባላል። ያሳደግኩሽ እንዲያ ነው።"

"እሺ" አለች። ቀኑን ሙሉ ከዚያ ሌላ ቃል አልወጣትም። ጨዋ ልጅ ናት።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

371 ገባ። 14 ተመለሰ። ጾም ገባ።

ከዛሬ እስከ ገና ግማሹ ደንበኛዬ ወተት አይነካም። ላሞቹ ግን አይጾሙም። ሙሄዲን እንደ አምናው መርካቶ ዙሪያ ላሉ ሙስሊም ካፌዎች አደረሰ። ዘጠና ሊትር ተረፈ፤ ለእርጎ አደረግሁት። የኦቦ ባይሳ ዕቃ ከመንገዱ ማዶ ተቀምጦ ይታየኛል።

ከሰዓት በኋላ ደብዳቤ መጣ። ሲድራን ለቃለ መጠይቅ ጠርተዋታል። በኮምፒውተር፣ ሁለት ጊዜ፤ ማክሰኞ ኅዳር 30 እና ሐሙስ ታኅሣሥ 2። ሁለት የተለያዩ መምህራን ናቸው።

ለማንም አትንገር አልኩት ሙሄዲንን። ለማንም አልተናገረም፤ ለመስጊዱ ብቻ። አመሻሹ ላይ ሱቅ ደጃፍ ሁለት ሴቶች ሲያወሩ ሰማሁ።

"የወተቷ ሴትዮ ልጅ ከእንግሊዝ ንግሥት ጋር ልትነጋገር ነው አሉ።"

"ንግሥቲቱማ ሞታለች።"

"ውይ! ታዲያ ልጅቱ ከማን ጋር ነው የምትነጋገረው?"

ስኳሬን ገዝቼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

364 ገባ። 10 ተመለሰ።

መምህር ኪዳነወልድ ኮት ለብሶ መጥቶ ፕሮፌሰር ሆኖ ጠየቃት። እኔ በር ላይ ቆሜ አየሁ። የሚለው አይገባኝም፤ አቀማመጧን ግን አያለሁ። ቀጥ ብላ፣ ዓይኗን ዝቅ አድርጋ። ደስ አለኝ።

እሱ ደስ አላለውም። ሲወጣ ቆመና "እትዬ አሲያ፣ ዝም ትላለች" አለኝ።

"ጨዋ ናት።"

"እዚያ ዝም ማለት ጨዋነት አይሆንላትም። ሆን ብለው ይገፏታል። እሷም መልሳ መግፋት አለባት።"

"የማታውቀውን ሰው፣ ያውም ፕሮፌሰር፣ ትከራከር ነው የምትለኝ?"

"አዎ።"

ሻይ ሰጥቼ ሸኘሁት። ጥሩ መምህር ነው። ልጅ ግን የለውም።

ነጩን ሻሿን ተኩሻለሁ። መብራት ቢጠፋ ብዬ ባትሪ ተውሻለሁ። ወንበሩን ግድግዳው ጋ አድርጌ ከኋላዋ የሚታየውን የወተት ዕቃ አነሣሁ። የቀረ ነገር የለም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 30

358 ገባ። 21 ተመለሰ። ይህ የጠዋቱ ነው።

ስምንት ሰዓት ላይ ተጀመረ። ከደጅ ተቀመጥኩ። ሙሄዲን ደግሞ ፒክአፑ ውስጥ ቁጭ ብሎ መስታወቱን ዘጋ፤ መስማት አልችልም አለ።

የሰውየው ድምፅ ይሰማል። ደግ ድምፅ ነው። የሲድራም ይሰማል። መጀመሪያ ብዙ ተናገረች። ከዚያ አጠረ። ከዚያ "የስ ሰር" ብቻ ሆነ። ስድስት ጊዜ ቆጠርኩ። እኔ ደጅ ሆኜ፣ እንዴት ያለች ሥርዓት ያላት ልጅ ናት እያልኩ እኮራ ነበር።

ወጣች። አላለቀሰችም። ውሃ ጠጣች።

"አንድ ቦታ ላይ ሆን ብለው ስህተት ተናገሩ" አለች።

"ምን አሉ?"

"ከፍታ ቦታ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል አይደል ሲሉኝ አዎ አልኩ። እሱ እውነት ነው። 'ስለዚህ እናንተ ደጋ ላይ ስለምትኖሩ ባቄላ ቶሎ ይበስልላችኋል ማለት ነው' አሉ።"

እኔ ሳይንስ አልተማርኩም። ሱሉልታ ላይ ባቄላ ሲቀቀል ግን ስንት ከሰል እንደሚበላ አውቃለሁ። ዝቅ ብላ ዱከም የምትኖር እኅቴ ጋ ከዚህ ይልቅ ቶሎ ይበስላል።

"እዚህ ውሃው የሚፈላው ሳይግል ነው" አለች ሲድራ። "ስለዚህ ይዘገያል። አውቀዋለሁ እማ። አፌ ላይ ነበር።"

"ታዲያ ምን አልሽ?"

"እሺ አልኩ።"

"ለምን?"

ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ልክ እንዳስተማርኳት።

ገበያ ላይ ስሳሳት ወዲያው አውቃለሁ። ሰው ላይ ከማሳበቤ በፊት ደብተሬን አያለሁ። ኅዳር 6ን ገልጬ አነበብኩ። ዘጋሁት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 1

349 ገባ። 8 ተመለሰ።

ከወተቱ በኋላ ጫንጮ መንገድ፣ ኦቦ ባይሳ ቤት ሄድኩ። ሃያ አምስት ቀን አልተነጋገርንም። ደጃፍ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ምራታቸው ድንቅቱ ወንበር አወጣችልኝ።

"ወተቴን ፍለጋ መጣሽ?" አሉ። "ማዶኛው ጥሩ ይከፍለኛል።"

"ወተት ፍለጋ አልመጣሁም ኦቦ ባይሳ። ቃል ፍለጋ ነው።"

ሁሉንም ነገርኳቸው። ዩኒቨርሲቲው ስንት ዘመን እንደቆየ፣ ምን ያህል ሰው እንደሚመልስ፣ ትናንት የሆነውን።

"ቆይ፣ ቆይ" አሉ። "ፈረንጁ ባቄላ ቶሎ ይበስላል አለ?"

"አዎ።"

"እዚህ? እኛ ጋ?"

"እዚህ።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "ድንቅቱ! ነዪ ይህን ስሚ!" ከዚያ ሳቁን ተዉና አዩኝ። "ልጅቱ ዝም አለች?"

"ዝም አለች። ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ፤ በአንቱ ምክንያት። ነገ ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለባት። እኔ ብነግራት እናቴ ሐሳቧን ቀየረች ነው የምትለው። አንቱ ካልፈቱላት አይፈታም።"

በትራቸውን መሬት ላይ ጫር ጫር አደረጉ።

"አሲያ፣ ያን ቀን ሌባ አለችኝ ብዬ ቤት ገባሁ። ሁለት ቀን አጣራሁ። ቅባቱን የምትገፈው ድንቅቱ ኖራለች፤ ለልጆቹ ቅቤ ብላ፣ ሳትነግረኝ።"

"ውሃውንስ?"

"ውሃውን አትጠይቂኝ።"

ጓዳ ውስጥ ድንቅቱ ፈነዳች በሳቅ። "ይንገሯት አባባ! ቢጎድልባቸው ሞላ ያደረጉት ራሳቸው ናቸው!"

"ዝም በይ አንቺ! ሁለታችንም ለየብቻ ነው የሠራነው። ሳንነጋገር መለኪያው ታለለ።" እንደገና ሳቁ። "ልጅቱ ግን አልታለለችም። ኢንተላ ጀባ ናት። ጠንካራ ልጅ ናት።"

ነገ እመጣለሁም አልመጣምም አላሉኝም። እኔም አልለመንኩም። ሽማግሌ አይለመንም፤ ይነገረዋል።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 2

402 ገባ። 5 ተመለሰ።

ኦቦ ባይሳ መጡ። መንገዱን ተሻግረው፣ ዕቃቸውን አህያ ላይ ጭነው፣ ሰልፉ ሞልቶ ሳለ። ተራቸውን ጠበቁ። ሲድራ ፊት ሲደርሱ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ያን ቀን ልክ ነበርሽ። በሰው ፊት መለስሽኝ፤ እኔም በሰው ፊት ነው የምነግርሽ።"

"አባባ፣ ይቅርታ…"

"ይቅርታውን ተዪ! እኔ ሽማግሌው በዚያ አፍሬ አልሞትኩም። ያ ፈረንጅም አይሞትም። ስህተት ሲናገር መልሺለት። በትሕትና መልሺለት፤ ግን መልሺለት። ይኸው ፈቅጃለሁ።"

አንዱ ከኋላ "ኦቦ፣ ፈረንጁን ያውቁታል እንዴ?" አለ።

"ባቄላ ቀቅሎ እንደማያውቅ አውቃለሁ!"

ሲድራ ሳቀች። ከኅዳር 6 ወዲህ ጥርሷን አላየሁም ነበር። መለኪያዋን ጣለች፣ ጠብታ ጥፍሯ ላይ አደረገች።

"ዛሬስ?" አሏት።

"ዛሬ ልክ ነው አባባ።"

"ያለው መለኪያው ነው አንቺ?"

"ሁለታችንም።"

ስምንት ሰዓት ላይ ሁለተኛው ጀመረ። የሴት ድምፅ ነው፣ ፈጣን። ዛሬም ደጅ ነበርኩ። "የስ" የሚለውን አልቆጠርኩም፤ የሚቆጠር አልነበረም። አንድ ጊዜ ሴትየዋ አንድ ነገር ጠየቀች። ረጅም ነበር። ከዚያ ሲድራ ተናገረች፣ ቀስ ብላ። ከዚያ ሴትየዋ። ከዚያ ሲድራ ቶሎ። መጨረሻ ላይ ሳቅ ሰማሁ፤ የማን እንደሆነ መጀመሪያ አልለየሁም።

ስትወጣ ፊቷ ቀልቷል። ሙሄዲን ከፒክአፑ ዘሎ ወረደ። ለሁለታችን እንዲህ ብላ ነገረችን።

ሴትየዋ በሁለት ዕቃ ያለ ፈሳሽ አሳየቻት። መጠናቸውም ክብደታቸውም እኩል ነው፤ ስለዚህ አንድ ዓይነት ፈሳሽ ናቸው፣ ተስማማሽ? አለቻት።

"መጀመሪያ ይቅርታ ጠየቅሁ። ከዚያ አልስማማም አልኩ።"

የወተቱን ነገር ነገረቻት፤ ቅባቱን፣ ውሃውን፣ መለኪያው እንዴት እንደሚታለል። "ታዲያ በምን ታውቂያለሽ?" ብትላት ከመጀመሪያው ጋር የማይገናኝ ሁለተኛ መለኪያ ያስፈልገኛል አለች። "ሁለተኛውም ቢታለልስ?" አለቻት። እንዲህ ሲባባሉ ሰዓቱ አለቀ።

"ሳቁስ?" አልኳት።

"ከመዝጋቷ በፊት፣ ማክሰኞ ለጠየቁኝ መምህር መልእክት አድርሺልኝ አልኳት። እኛ ጋ ባቄላ ቶሎ አይበስልም፣ ምክንያቱም እንዲህ ነው፣ ያን ቀን መናገር ነበረብኝ አልኳት። እሷ ስትስቅ እኔም ሳቅሁ።"

ሙሄዲን እጁን አናቱ ላይ ጫነ። "በእነሱ ቤት? እንዲህ ብለሽ?"

"በትሕትና ነው ያልኩት አባ።"

ወደ ጓዳ ገባሁ። የምሠራው ነገር ነበረኝ።

እሑድ፣ ታኅሣሥ 19

377 ገባ። 12 ተመለሰ።

ምንም የለም። መልሱ ጥር 5 ነው ብለዋል። ሬሐና ከቡራዩ ደውላ "እዚያ ኮሌጅ ሊፍቱ ገባ" አለችኝ። እንኳን ደስ ያላችሁ አልኳት።

ስለ ዩኒቨርሲቲው ያልኩትን ደግሜ አሰብኩ። በመመለሱ ነው ስሙን ያገኘው ብዬ ጽፌ ነበር። ግማሹ እውነት ነው። መመለስማ ማንም ይመልሳል፤ ሰነፍ ዘበኛም ይመልሳል። ሌላው ግማሽ ይህ ይመስለኛል፦ ስምንት መቶ ዓመት ሙሉ ልጆች እየገቡ ለመምህሮቻቸው አልስማማም ሲሉ ኖረዋል፤ መምህሮቹም ቁጭ ብለው ሰምተዋል፤ ቤቱም አልፈረሰም። እኔ አንድ ቀን ብትናገር ቤቴ የሚፈርስ መስሎኝ ነበር።

ይህን መስመር ልሰርዘው አስቤ ተውኩት።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 29

431 ገባ። 0 ተመለሰ። ገና ነው፤ ወተት ያልፈለገ ሰው የለም። ኦቦ ባይሳ አርባ ሁለት ሊትር አመጡ፤ ከነቅባቱ። ጎረቤት ሁሉ እንኳን አደረሳችሁ ስንል ዋልን። ሲድራ ስልኳን ሣጥን ውስጥ ቆልፋ ቁልፉን ለኔ ሰጠችኝ። እስከ ጥር 5 እንዳልሰጣት አስማለችኝ።

እኔ የራሴን ሣጥን ውስጥ አልቆለፍኩም። ለምን እንደማየው አላውቅም፤ ደብዳቤው ወደኔ አይመጣም።

ማክሰኞ፣ ጥር 5

415 ገባ። 7 ተመለሰ።

ጠዋት ስልኳን ሰጠኋት። ኪሷ ከተተችው። ሰልፉ እስኪያልቅ አላየችውም። ሦስት ጊዜ ሲንጫጫ ሰምቻለሁ፤ እሷ ግን መለኪያውን ብቻ ነው ያየችው። የመጨረሻውን ዕቃ ለካች፣ እጇን አጠበች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ከዚያ ስልኩን ከፈተች። አነበበች። ሰጠችኝ።

እንግሊዝኛ አልችልም። የመጀመሪያዋን ረጅም ቃል ግን አውቃታለሁ። ኬክ ቤት መስታወት ላይ፣ በተመራቂ ኬክ ላይ፣ ሁልጊዜ ያቺ ናት የምትጻፈው።

ኦቦ ባይሳ ባዶ ዕቃቸውን ይዘው ቆመዋል። "ምን አሉ?"

"ተቀበሉኝ አባባ።"

"ሳይመልሱ?"

"ሳይመልሱ።"

በትራቸውን ዘርግተው መረቋት፣ በኦሮምኛ፣ ረጅም ምርቃት። ያልሄደው ገበሬ ሁሉ "ሃ ተኡ፣ ይሁን" እያለ ተቀበለ። ሙሄዲን እዚያው አስፋልቱ ዳር ለሰጅዳ፣ ለምስጋና ስግደት ተደፋ። መምህር ኪዳነወልድ ከትምህርት ቤት በእግሩ ሮጦ መጣ፤ ጠመኔ እጁ ላይ ነው። እኔ "ልክ ነበርክ" አልኩት። ይህን ለሰው ስል የመጀመሪያዬ ሳይሆን አይቀርም።

እኔ የገባውን ወተት ስጽፍ አንዱን ዕቃ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት። ሲድራ አይታ በእጇ አሳየችኝ፣ በሰው ፊት። አረምኩት።

በመስከረም መጨረሻ ትሄዳለች። ከአሁን ወደ ዘጠኝ ወር ነው።

ነገ ከወተቱ በኋላ ጫንጮ መሄድ። በሲድራ ቦታ የሚሠራ ሰው መፈለግ። ሁለት ያስፈልጋሉ፤ አንድ የሚለካ፣ አንድ ከሽማግሌዎች ጋር የሚነጋገር።